ከአልደር ግንድ የወጣ ጽዋ

በ800ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ሸክላ ሠሪ አልነበረም ማለት ይቻላል (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ገበሬው ምግቡን በብረት ድስት ወይም ከለስላሳ ድንጋይ በተፈለፈለ ማሰሮ ያበስላል፤ የሚበላበትና የሚጠጣበት ግን እንጨት ነው። ደኑ ከደጅ ይጀምራል። በርቹ፣ አልደሩ፣ አሹ፣ ጥዱ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ትልቅ ትንሹ ያውቃል። ከወተት ማለቢያው አንስቶ እስከ ጠላ መጠጫው ድረስ የቤቱ ዕቃ ከእነዚህ ዛፎች የወጣ ነበር።

የእነዚያ የሰሜን ባሕረኞች፣ የቫይኪንጎች፣ መጠጫ ሲነሳ ብዙ ሰው ፊት ድቅን የሚለው አፉ በብር የተለበጠ ቀንድ ነው። ቀንዱ እውነት ነው። ማር በውኃ በጥብጠው የሚጠምቁት መጠጥም የጠጃችን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ አያቶቹ በቀንድ ዋንጫ ጠጅ ለጠጡ የእኛ አገር አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከራይን ወንዝ አካባቢ በንግድ የመጣ የመስታወት መጠጫም በባለጸጎች ቤት አይጠፋም ነበር። ይሁንና ቀንዱም ብርጭቆውም የግብር ቀን ዕቃዎች ናቸው። የዘወትሩ፣ የጌታውም የአሽከሩም እጅ የሚያውቀው፣ የእንጨት ጽዋ ነው። ወርቅና ብር የሚቆጥሩ ሰዎች ሲያልፉት ኖረዋል። እኔ ግን ከቀንዱ ይልቅ ጽዋው ሊተረክለት ይገባል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ሙያው አንዴ ሊጠፋ ጫፍ ደርሶ የተመለሰ ነው፤ የመለሱትም ነገሥታት ሳይሆኑ የቆሻሻ ክምርና የአንድ ሽማግሌ መሣሪያዎች ናቸው።

በ834 በደቡብ ኖርዌይ፣ ዛሬ ቶንስበርግ የተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ኦሴበርግ በሚባል ስፍራ ሁለት ሴቶች ከነመርከባቸው ተቀበሩ። አንደኛዋ ሰባ ዓመት ያለፋት አሮጊት ስትሆን ሌላዋ ሃምሳ ግድም ነበረች። መርከቡ ሃያ አንድ ሜትር ከግማሽ ይረዝማል። ጋሪ፣ የበረዶ ሸርተቴዎች፣ አልጋዎች፣ የታረዱ ፈረሶችና ሙሉ የማድ ቤት ዕቃ ተጫነላቸው። ባልዲው፣ ጭልፋው፣ ገበቴው፣ ቡሃቃው ሁሉ የእንጨት ነው። አንዱ ባልዲ የዱር ፖም ተሞልቶበታል። ሌላው ደግሞ ዩው ከተባለ ዛፍ ጣውላዎች የተገጣጠመና በነሐስ መታጠቂያ የታሰረ ሲሆን፣ ማንጠልጠያው የሚያያዝበት ቦታ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ ትንንሽ የሰው ምስሎች አሉበት። ከአየርላንድ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ከታች ሰማያዊው ጭቃ፣ ከላይ ከነሥሩ ተነቅሎ የተከመረው ሣር መቃብሩን አየር ከለከሉት፤ እንጨቱም ሳይበሰብስ ከ1000 ዓመት በላይ ተኛ።

ያ ባልዲ የዘመኑን አንድ የአሠራር ስልት ያሳያል። ጠባብ ጣውላዎች ጎን ለጎን ቆመው በመታጠቂያ ይጠበቃሉ፤ ከግርጌያቸው ውስጥ ለውስጥ በተቦረቦረ መስመር ላይ ክብ ወለል ይገባባቸዋል። ሙጫ አያስፈልግም። ውኃ ሲገባበት እንጨቱ ያብጥና መገጣጠሚያው ራሱን ይዘጋል። ሁለተኛው ስልት ከአንድ ጉማጅ በቢላና በመሮ መፈልፈል ነው፤ ለዚህም ዛፉ ላይ እንደ እባጭ የሚወጣው፣ ቃጫው የተጠላለፈው ጉጥ ይመረጣል፣ በቀላሉ አይሰነጠቅምና። ሦስተኛው ቶርኖ ነው። እንጨቱን እያሾሩ በብረት የሚቀርጹበት ነው፤ በከተሞች የሚሸጠውን ጽዋ የሠራው ይሄኛው ነው።

በ866 መገባደጃ፣ ብዙ ዴንማርካውያን ያሉበት ታላቅ ሠራዊት የእንግሊዝን ሰሜናዊ ከተማ ዮርክን ያዘ። የዮርክ የመጨረሻው ስካንዲኔቪያዊ ንጉሥ፣ ደመ መጥረቢያ የሚል ቅጽል የወጣለት ኤሪክ፣ በ954 እስኪባረር ድረስ ከተማዋ የዘራፊዎች ሰፈር ሳትሆን የባለ እጆች ገበያ ሆና ነበር። ኮፐርጌት በተባለው ጎዳና ዳር ከጭራሮ በተጠለፉ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ብረት ቀጥቃጩ፣ ጫማ ሰፊው፣ ቀንድና አጥንት ጠራቢው ደጅ ለደጅ ይሠሩ ነበር። ጽዋ ሠሪዎችም ከመካከላቸው ነበሩ። ጎዳናው እስከ ዛሬ የሚጠራው በእነሱ ሙያ ነው።

የጽዋ ሠሪው ቶርኖ ሞተርም መዘውርም የለው። ከላይ ረጅምና እንደ ልብ የሚለመጥ የእንጨት ዘንግ አለ። ከዘንጉ ጫፍ ገመድ ይወርድና የሚቀረጸውን ጉማጅ በያዘው ድብልብል እንጨት ላይ ተጠምጥሞ፣ ከታች ካለው መርገጫ ጋር ይታሰራል። ሠሪው መርገጫውን ሲጫን ገመዱ ይሳባል፤ ጉማጁ ወደ እሱ ይዞራል፤ ያኔ ብረቱን ያስጠጋል። እግሩን ሲያነሳ ዘንጉ ተወጥሮ ይመለሳል፤ ጉማጁም ወደ ኋላ ይሾራል፤ ያኔ ብረቱን በጥቂቱ ያሸሻል። የሚቆርጠው እግሩ ሲወርድ ብቻ ነው። የጊዜውን ግማሽ ያባክናል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ያቺ የመመለሻ ቅጽበት ለዓይን ዕረፍት ናት። ሠሪው የቆረጠውን አይቶ፣ ቀጣዩን አስቦ፣ ደግሞ ይረግጣል።

የጽዋው ሆድ የሚጎደጎደው ጫፉ እንደ መንጠቆ በተቆለመመ ብረት ነው። መንጠቆው ከአፉ ዳር ጀምሮ ወደ ታች እየከበበ ይገባል፤ መሐል ላይ ሾጣጣ እንብርት ይቀራል። ግድግዳው ሲሳሳና ወለሉ ሲቃረብ እንብርቱ ይሰበርና ይወጣል። ጽዋው ይሸጣል፤ እንብርቱ ይጣላል። ሥራው የሚሠራው እንጨቱ ሳይደርቅ ነው፤ እርጥብ እንጨት ለብረት ለስላሳ ነው፣ ፍቅፋቂውም እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወርዳል። በዮርክ በብዛት የተመረጡት አልደር፣ ሜፕልና አሽ ነበሩ። የገዛው ሰው ደግሞ ዕቃውን ይሳሳለት ነበር። ሲሰነጠቅ አይጥለውም፤ ስንጥቁን በብረት ቁራጭ አስይዞ ይጠቀምበታል።

በዚያው ዘመን፣ በ921 ከባግዳድ የተነሣው መልእክተኛ ኢብን ፋድላን በማግስቱ ዓመት ቮልጋ ወንዝ ዳር ሩስ የተባሉትን የሰሜን ነጋዴዎች አገኛቸው። የአንድ አለቃ ቀብር ላይ ቆሞ ያየውን ጽፏል። ቀንና ሌሊት እንደሚጠጡ፣ አንዳንዱም ጽዋውን በእጁ እንደያዘ እስከ መሞት እንደሚደርስ፣ ከአለቃው ጋር ልትሞት የተመረጠችው ባሪያ የስንብት ጽዋ ተሰጥቷት እየዘፈነች እንደጠጣች ይተርካል። ጽዋው ከምን እንደተሠራ አልነገረንም። ያም ሆኖ መጠጣት ለእነዚያ ሰዎች ጥም ከማርካት አልፎ የሐዘን ሥርዓት እንደነበር ከእሱ የበለጠ የቅርብ ምስክር የለም።

ክርስትና ከገባ በኋላም ጽዋው ሥልጣኑን አልለቀቀም። የምዕራብ ኖርዌይ የጉላቲንግ ሕግ ገበሬው ለገና ጠላ እንዲጠምቅ፣ ለክርስቶስና ለማርያም ምስጋና፣ ለመልካም ዘመንና ለሰላም ባርኮ ከጎረቤቶቹ ጋር እንዲጠጣ ያዝዝ ነበር። ያልጠመቀ ይቀጣል። ጠላ መጥመቅ በሕግ ግዴታ በሆነበት አገር የመጠጫ ዕቃ ሥራ ምን ያህል እንደሚከበር መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙ መቶ ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው፤ ሙያው ሳይቋረጥ ስለቀጠለ ትረካውም ብዙ አይታጠፍም። አንድ ቦታ ላይ ግን መቆም ግድ ነው። ጁላይ 19 ቀን 1545 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ ከእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ሰጠመች። በሆዷ ውስጥ የመርከበኞቹ የእንጨት ገበቴዎችና ከጣውላ ተገጣጥመው የታሰሩ፣ እጀታና ክዳን ያላቸው ትልልቅ የጠላ ኩባያዎች ነበሩ። ይህን ልብ ይሏል። ዛሬ ገበያ ላይ የቫይኪንግ ኩባያ ተብሎ የሚሸጠው፣ ትንሽ በርሜል የሚመስለውና ባለ እጀታው ዕቃ፣ የሚመስለው የዮርክን ጽዋ ሳይሆን እነዚህን ነው። ቫይኪንጎች ከጣውላ መገጣጠምን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የኦሴበርግ ባልዲ ምስክር ነው። የከተማቸው የእጅ መጠጫ ግን ቀለል ያለ፣ ግድግዳው የሳሳ፣ እጀታ የሌለው፣ በቶርኖ የወጣ ጽዋ ነበር።

በ1600ዎቹና በ1700ዎቹ የኖርዌይ ገጠር በዚህ ጥበብ አበበ። የጠላ ገበቴዎች በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ተሳሉ፤ በአፋቸው ዙሪያ ምርቃትና የባለቤቱ ስም ተጻፈባቸው። ከአንድ ጉማጅ ተፈልፍለው ሁለት እጀታቸው የፈረስ ራስ ሆኖ የተቀረጸም አሉ። ከዚያ ርካሽ ሸክላና የፋብሪካ ብርጭቆ መጣ። በ1800ዎቹ አጋማሽ የእንጨት ጽዋ ከገበታ ላይ እየተነሣ ወደ ቆጥ ይወጣ ጀመር።

የሚገርመው፣ የቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ በሌላ በር ተመልሶ የገባው በዚያው ዘመን መሆኑ ነው። በ1866 በኡኖ ሲግኔውስ ጥረት ፊንላንድ የእጅ ሥራን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች መደበኛ ትምህርት አደረገች። በ1870ዎቹ ደግሞ ኦቶ ሳሎሞን በስዊድን፣ በጎተንበርግ አቅራቢያ ናስ በተባለ ርስት ላይ የእጅ ሥራ መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየወጣ በሚሄድ ተራ፣ ተማሪው በቢላ ጀምሮ የተሟላ የቤት ዕቃ እስኪሠራ ይማራል። ከብዙ አገሮች የመጡ መምህራን ተምረውበት ወደየቀያቸው ሄደዋል። የሳሎሞን እምነት እጅ ሲሠራ ሰው ይታነጻል የሚል ነበር። ዛሬ ከሥራ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ጽዋ የሚጠርበው የባንክ ሠራተኛ ሳያውቀው የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ነው።

የቫይኪንግ ፍቅር የተቀጣጠለውም ያኔ ነው። በ1876 በጀርመን፣ ባይሮይት ላይ የአቀናባሪው ቫግነር ኦፔራ ሲታይ ካርል ኤሚል ዶፕለር ለተዋንያኑ ቀንድ ያለው የራስ ቁር ነደፈላቸው፤ እውነተኛ ቫይኪንግ ያልደፋው ቁር ከዚያ ወዲህ ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ቀረ። በ1880 ኖርዌይ ውስጥ፣ ጎክስታድ ላይ ታላቅ መርከብ ከነሙሉ ክብሩ ከመሬት ወጣ። የኖርዌይ ባለ እጆችም ዘንዶ የተጠላለፈበትን አሮጌ ጌጥ እያነሱ ወንበሩንም፣ ሕንፃውንም፣ የመጠጫ ዕቃውንም አስጌጡበት። በ1891 የአገሪቱ የቤት ውስጥ እጅ ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ከቫይኪንግ ተነሣሥቶ ጽዋ መሥራት እንግዲህ የትናንት ፋሽን አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

በ1903 አንድ ገበሬ ኦሴበርግ ላይ ያለውን ጉብታ ሲቆፍር የመርከብ እንጨት አገኘ። በማግስቱ ዓመት በጋ ፕሮፌሰር ጋብሪኤል ጉስታፍሶን ቁፋሮውን መራ። ወርቅና ብር አልነበረም፤ ጥንት ተዘርፏል። ዘራፊዎቹ የናቁት እንጨት ግን ቀርቶ ነበር። ችግሩ የመጣው ከወጣ በኋላ ነው። ውኃ የጠገበ እንጨት እንዲሁ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ይፈርሳል። ስለዚህ ብዙዎቹን ዕቃዎች በጋለ የአሉም (ሻብ የሚሉት ጨው) ውኃ ዘፈዘፏቸው። ለጊዜው ጠነከሩ። ያ ጨው ግን ሲሞቅ አሲድ ይፈጥር ስለነበር ከመቶ ዓመት በኋላ እንጨቱ ከውስጥ ተበልቶ ዱቄት ሊሆን ደረሰ፤ በ2014 የኦስሎ ሳይንቲስቶች ዕቃዎቹን ለማዳን ሰፊ የምርምር ሥራ ጀመሩ። ሰዎቹ በዘመናቸው የሚያውቁትን ምርጥ ዘዴ ነው የተጠቀሙት። ጭቃው ሺህ ዓመት ያቆየውን መድኃኒቱ በመቶ ዓመት ሊጨርሰው መድረሱ ግን ባሰብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል።

ከኦሴበርግ ቁፋሮ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት፣ በእግር ቶርኖ ገበቴ የማውጣት ሙያ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ሰው እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጆርጅ ሌይሊ ይባላል፤ በ1869 ተወለደ። በበርክሸር፣ በክልበሪ ከሚባል መንደር ዳር፣ በትንሽ ጎጆ ውስጥ ብቻውን ይሠራል። ያው ዘንግ፣ ያው ገመድ፣ ያው መርገጫ ነው። የዮርክ ሠሪዎች እንብርቱን ሲጥሉ ሌይሊ ከአንድ የኤልም ጉማጅ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ በርካታ ገበቴዎችን ያወጣ ነበር፤ ለዚህም በተለያየ መጠን የተቆለመሙ ብረቶችን ራሱ ያዘጋጃል። በ1920ዎቹ ጸሐፊው ኤች. ቪ. ሞርተን ጎብኝቶት በመጽሐፉ ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ በኋላ ሰዎች ሊያዩት ይመጡ ነበር። ሙያውን የተረከበው ግን አልነበረም። በ1958 ሲሞት ቶርኖውና መሣሪያዎቹ ሬዲንግ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ገጠር ሕይወት ሙዚየም ገቡ። ከሌይሊ ጋር ሰንሰለቱ ተበጠሰ።

የሙያው እጅ ሲታጠፍ ቅሪቱ ከመሬት መውጣት ጀምሮ ነበር። በ1955 በኖርዌይ የበርገን ከተማ አሮጌ ወደብ ሲቃጠል አርኪዮሎጂስቱ አስብየርን ሄርታይግ አመዱ ሥር ቆፍሮ፣ ሩን በተባለው የጥንት ሰሜናውያን ፊደል በእንጨት ላይ የተቀረጹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችንና የመካከለኛው ዘመን የእንጨት ዕቃዎችን አወጣ። ከ1976 እስከ 1981 ደግሞ ዮርክ፣ ኮፐርጌት ላይ፣ የፈረሰ የከረሜላ ፋብሪካ በቆመበት ቦታ ቁፋሮ ተደረገ። ሪቻርድ ሆል የመራው ቡድን እርጥብና ጥቁር አፈር ውስጥ ገባ፤ 40,000 ያህል ዕቃ ተገኘ። ከነዚህ መካከል ጽዋና ገበቴ ብቻ ሳይሆን የተጣሉት እንብርቶችም ነበሩ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ግኝት ነው። የተጠናቀቀ ጽዋ ቅርጹን ብቻ ይነግርሃል። የተሰበረ እንብርት ግን የብረቱ ጠርዝ በየት እንደገባ፣ ምን ያህል እንደተቆለመመ፣ ሠሪው የት ላይ ቆሞ እንደሰበረው ያሳያል። ገዢው የወሰደው ጠፋ፤ ሠሪው የጣለው ትምህርት ቤት ሆነ። በ1984 በቁፋሮው ቦታ ላይ፣ ቫይኪንጎች ዮርክን በጠሩበት ስም የተሰየመው ሙዚየም፣ የዮርቪክ ማዕከል፣ ተከፈተ።

ከዚያ እጆች ተመለሱ። ስዊድናዊው ቪለ ሱንድክቪስት፣ ከቤተሰቡ የወረሰውን የቢላና የመጥረቢያ ሥራ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ውስጥ ድሩ ላንግስነር ባቋቋመው ቦታ አስተማረ። በ1990 እንግሊዝ ውስጥ የእግር ቶርኖ ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው አሥርት ዓመት የደን ጠባቂ የነበረው ሮቢን ውድ የሌይሊን መሣሪያዎች ሙዚየም ውስጥ አይቶ ሙያውን ለማንሣት ቆረጠ። የሚያስተምረው ሰው አልነበረም፤ መንጠቆዎቹን ራሱ እየቀጠቀጠ፣ አሮጌ ገበቴዎች ላይ የቀረውን የብረት ፈለግ እያነበበ ሥራውን ተማረ። በ2005 የእንጨት ገበቴን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ፤ በ2010 ሥራ የጀመረው የቅርስ እጅ ሥራዎች ማኅበርም የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆነ። አሁን በእግር ቶርኖ ገበቴ የሚያወጡ ሰዎች በብዙ አገር አሉ፤ የብዙዎቹ ሐረግ ሲሳብ እዚያ ሙዚየም ይደርሳል።

በ2013 አየርላንድ ውስጥ የተቀረጸው የቫይኪንጎች ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ፍላጎቱ ከጥቂት አፍቃሪዎች ወደ ሚሊዮኖች ተሻገረ። ቀንዱም በርሜል መሳዩም ኩባያ በየመስኮቱ ተደረደረ። ብዙ ሰው ግን ከመግዛት ይልቅ መሥራትን መረጠ፤ ይህ ደስ ይለኛል።

ባለ ጣውላውን ኩባያ የመረጠ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ሂሳብ ነው። ዙሪያው 12 ጣውላ ከሆነ የእያንዳንዱ ጎን በ15 ዲግሪ መላግ አለበት፤ 10 ከሆነ በ18። ከዚህ ጥቂት ከሳተ ስህተቱ በመገጣጠሚያዎቹ ቁጥር እየተባዛ መጨረሻው አይዘጋም። ወለሉን በመስመሩ ውስጥ ሲያስገቡ በሙጫ ባያጣብቁት ይመረጣል፤ እንጨቱ ሲያብጥ መንቀሳቀሻ ካላገኘ ጣውላዎቹን ይገፋቸዋል። ዛሬ ብዙዎች ውስጡን ለምግብ ዕቃ በተፈቀደ ኤፖክሲ ይቀቡታል፤ ያም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መታገሥ ይጠይቃል። የንብ ሰም የሚመርጡም አሉ፤ ሰም ግን 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ለትኩስ ቡና አይሆንም።

የእኔ ምክር ግን የዮርኩን መንገድ መያዝ ነው። መጀመሪያ እንጨቱ ይመረጣል። ኦክና አሽ ዓመታዊ ቀለበታቸው ላይ ትልልቅ ቀዳዳ አላቸው፤ ቀይ ኦክን በቁመቱ ቆርጠህ አንዱን ጫፍ ብትነፋ ትንፋሽህ በሌላው ይወጣል። አልደር፣ ሜፕልና በርች ግን ቀዳዳቸው የደቀቀና በእኩል የተበተነ ነው፤ መጠጥ ለመያዝ የተሻሉ ናቸው። ትኩስ የተቆረጠው ግንድ በመሐሉ ይሰነጠቃል፤ የልቡ እምብርት በሙሉ ይወገዳል፣ እሱ ያለበት ጽዋ ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርምና። ከዚያ ግማሹ በመጥረቢያ እየተጠረበ ይደበለበላል። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ በመጥረቢያ በደንብ የከበበ ጉማጅ ቶርኖ ላይ አይንገጫገጭም።

ዘንግና መርገጫ ያለው ቶርኖ በጓሮ ውስጥ በጥቂት ጣውላና ገመድ ይቆማል። የኤሌክትሪክ ቶርኖ ያለው ሰውም በእሱ ሊሠራ ይችላል፤ ግን የፊት መከላከያ ሳያደርግ እንዳይነካው፣ በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚሾር እርጥብ ጉማጅ ከመያዣው ካመለጠ ጥርስ አያስቀርም። በሁለቱም የውጩ ቅርጽ ይቀድማል፤ ከዚያ መንጠቆው ወደ ሆዱ ይገባል። አልደር ሲቆረጥ ነጭ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለወጣል፣ ሲደርቅም ይደበዝዛል። እንጨቱ ጠብታ ይረጫል፤ እጅና ልብስ ይርሳል። ግድግዳው አራት ወይም አምስት ሚሊሜትር ሲደርስ ይቆማል። የሠለጠነ ጆሮ ይህን በድምፁ ያውቀዋል፤ እየሳሳ ሲሄድ የብረቱ ጩኸት ይቀጥናል። የመጨረሻው ንክኪ በደንብ በተሳለ ብረት ከሆነ ማለስለሻ ወረቀት አያስፈልግም። እንዲያውም በወረቀት የታሸ እንጨት ውኃ ሲነካው ፀጉር ያወጣል፤ በብረት የተቆረጠው ግን እንደለሰለሰ ይቆያል።

ጽዋው ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ከረጢት ተደርጎ፣ ፀሐይና ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ለሳምንታት ይቀመጣል። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ አቅጣጫ የሚኮማተረው ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ክብ ሆኖ የገባው ጽዋ ሞላላ ሆኖ ይወጣል። ይህን ጉድለት አድርጎ ማየት አይገባም፤ ከንፈር ሞላላውን አፍ ይወደዋል። ከዚያ የተልባ ዘይት ይጠጣል። ለቀለም ሥራ የሚሸጠው ማድረቂያ ኬሚካል የገባበት ስለሆነ ንጹሑ የምግብ ዘይት ይፈለግ። ዘይቱ በስሱ ይቀባል፣ ትርፉ ይጠረጋል፤ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልሎ መጣል ግን አደጋ ነው፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ተዘርግቶ ውጭ ይሰጣ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

ዘይቱ ጠጥቶ ሲደርቅ፣ እሱም ሌሎች ሳምንታት ይፈልጋል፣ ጽዋው ለጠጅም ለጠላም ለውኃም ደርሷል። በእጅ ታጥቦ ወዲያው ይደረቅ፤ ሳህን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ ውኃ ሞልቶም አይደር። ቢሰነጠቅ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በቀጭን ትራፓኖ ይበሳና በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፤ ቀዳዳዎቹ በሰም ይደፈናሉ።